ወረርሽኝ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍት ምን ያድርግ? እቅድ ጻፊ ተብዬ ጨንቆኛል

የውሰት ጠረጴዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ውሰትና ምላሽ ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ አገልግሎታችን እንዴት ይቀጥላል?» የሚል እቅድ እንድጽፍ ተመደብኩ። ስለምችል አይደለም። ሌላው ሁሉ ሰበብ ሲደረድር እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

አንዱ ባልደረባዬ ታዲያ ወሬው ገና ሳይጀመር ጨረሰልኝ። «ምን ያስጨንቃል? በሩን እንቆልፋለን፣ ኢ-መጽሐፍ እንገዛለን፣ አለቀ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ካለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እኛም ዘጋን። በሩ ላይ «ለሁለት ሳምንት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍን። (ሁለት ሳምንት! አሁን ሳስበው ያስቀኛል።) በማግስቱ የረሳሁትን ቻርጀር ልወስድ ስመጣ አንድ ወጣት ከግድግዳው ሥር፣ ከመጽሐፍ መመለሻ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፀሐዩ አላሳይ ስላለው ጃኬቱን ከራሱና ከስክሪኑ በላይ እንደ ድንኳን ወጥሮታል። የሥራ ማመልከቻ እየሞላ ነበር። መጽሐፍ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዋይፋዩን ታጠፉታላችሁ እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ማን እንደሚያጠፋውም አላውቅም ነበር።

እና እስቲ ንገሩኝ፤ በእናንተ በኩል ምን ሠራ? ምን ብላሽ ሆነ? ሠራተኛም ሁኑ አንባቢ፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። የሪፖርት ቋንቋ አልፈልግም፤ እሱማ እኔም ሞልቶኛል።

ገመድና ሽቦ፦

እህቴ፣ ልጁ የጠየቀሽ ዋናውን ጥያቄ ነው። እኔ የኔትወርክ ሰው ነኝ። ያኔ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች በእኔ እጅ ነበሩ።

የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በዚያው ማርች «ሕንፃው ቢዘጋም ዋይፋዩን ክፍት ተዉት» ብሎ መክሮ ነበር። ችግሩ እዚያ ብዙዎቹ ኢንተርኔቱን የሚከፍሉት በመንግሥት ድጎማ ነው። «ሕንፃው ዝግ ሆኖ ሰው ከውጭ ቢጠቀም ደንብ ጣሳችሁ እንባላለን» ብለው ፈሩ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ማርች 23 ቀን «ይቻላል» አለና ገላገላቸው። አንዳንዶቹ ከዚያም አልፈው ተንቀሳቃሽ የመጽሐፍ መኪናቸው ላይ ዋይፋይ ጭነው፣ ኢንተርኔት የሌለበት ሰፈር ወስደው አቆሙት።

ሥራው ሲወራ ቀላል ይመስላል። የእኛ ማሰራጫ የተተከለው ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ከንባብ አዳራሹ ጣሪያ መሐል ላይ። ውጭ ወጥተሽ ስትሞክሪው ኮንክሪቱ ይውጠዋል። እኔ አንዱን ነቅዬ በመኪና ማቆሚያው በኩል ያለ መስኮት ላይ አሰርኩት። በፕላስተር ነው ያሰርኩት፤ አትሳቁብኝ። በሦስተኛው ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን የሚከታተሉ ልጆች አየሁ። እናትየው ከፊት ወንበር ተኝታለች፣ ሁለቱ ከኋላ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል።

እቅድሽ ውስጥ እነዚህን አስገቢልኝ። የይለፍ ቃሉ «ጠረጴዛው ላይ ጠይቁ» የሚባል ከሆነ ጠረጴዛው ሲዘጋ ዋጋ የለውም፤ በሩ ላይ ለጥፉት ወይም ጭራሽ አንሱት። የሕንፃው መብራት ማታ በታይመር የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ማሰራጫው አብሮ ይጠፋ እንደሆነ እይ። እኛ ጋ አብሮ ይጠፋ ነበር። ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም ሰው ተቆጥቶ ሲደውል።

የወረቀት ሽታ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ካፌ ሆነ እንዴ? እኔ መጽሐፍ ነው የምፈልገው። ያኔ መጽሐፍ ስጠይቅ «ኳራንቲን ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። አያስል፣ አያተኩሰው! አንዴ 24 ሰዓት ይላሉ፣ አንዴ ሦስት ቀን፣ አንዴ ሳምንት። ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ነው የሚያወጡት ብዬ ትቼው ነበር።

መዝገብ ክፍል፦

የወረቀት ሽታ፣ ብስጭትህ ይገባኛል። ግን ቁጥሩ ሎተሪ አልነበረም። የሚገርም ታሪክ ስላለው ትንሽ ልዘርዝረው።

ኦሲኤልሲ የሚባለው የአብያተ መጻሕፍት ትብብር፣ የአሜሪካ የሙዚየምና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተቋም፣ እና ባተል የሚባል የምርምር ድርጅት ሆነው በ2020 ሪልም የሚል ፕሮጀክት ጀመሩ። ቫይረሱን ላቦራቶሪ ውስጥ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በገጽ፣ በፕላስቲክ ልባስ፣ በዲቪዲ ማቀፊያ ላይ እያደረጉ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይለኩ ነበር። ጁን ላይ የወጣው የመጀመሪያው ውጤት «ሦስት ቀን ካለፈው አይገኝም» የሚል ነበር። እኛም ሦስት ቀን አልን። ሴፕቴምበር ላይ ግን ዕቃዎቹን ደራርበው ሞከሩ። ከስድስት ቀን በኋላም ተገኘ።

ልዩነቱ መደራረቡ ነው። አሁን እስቲ ንገሩኝ፤ የተመለሰ መጽሐፍ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ነው ነጠላ ነጠላ አድርጎ የሚያሰጣው? እኛ በጋሪ ከምረን፣ ጋሪ ሲያልቅ በካርቶን፣ ካርቶን ሲያልቅ መሬት ላይ ነበር የምናስቀምጠው። እያንዳንዱ ክምር ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት። የሕፃናት ክፍሉ ምንጣፍ በመጽሐፍ ክምር ተሞልቶ መቃብር ይመስል ነበር።

ከዚያ ደግሞ ኤፕሪል 2021 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ስሌቱን አወጣ። የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል ባብዛኛው ከ10,000 አንድ በታች ነው አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ተገኘ ማለት ሰው ይዟል ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባን። ብዙዎቹ ኳራንቲኑን ተዉት።

የሚቆጨኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሽፋን ስንወለውል ከረምን፤ መስኮት የከፈተ ሰው ግን አልነበረም። የእኛ መሥሪያ ክፍል መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ አይከፈትም ነበር። አሁንም አይከፈትም።

የልጆች እናት፦

መዝገብ ክፍል፣ የማይክሮዌቩን ጉዳይ ረሳኸው 😄 በሚሺጋን ግዛት አንድ ቤተ መጻሕፍት «እባካችሁ መጽሐፋችንን ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ» ብሎ ሕዝቡን ለምኖ ነበር። አንድ ሰው ቫይረስ ገደልኩ ብሎ መጽሐፉን ጠብሶ መልሶታል። የውሰት መለያው ቺፕ ብረት ስላለበት በእሳት ይያያዛል። ለፎቶው የሳቅኩት ሳቅ!

ጡረታ ላይ ነኝ፦

ልጆቼ፣ መጽሐፍን መፍራት ዛሬ አልተጀመረም። እኔ 30 ዓመት በዚህ ሙያ ውስጥ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ላውጋችሁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ «የተዋሳችሁት መጽሐፍ በሽታ ያመጣባችኋል» የሚል ትልቅ ድንጋጤ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ኦማሃ ከተማ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት «ከመጽሐፍ ነው የያዛት» ተባለ፤ ወሬው አገር አዳረሰ። እንግሊዝ በ1907 ሕግ አወጣች፤ ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ቢዋስ ይቀጣል። በሽታ ከገባበት ቤት የተመለሰን መጽሐፍ በፎርማልዲሃይድ ያጥኑት ነበር። አንዳንዱን ያቃጥሉታል።

ኋላ ሲታይ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከሌላው ሰው በላይ አልታመሙም። ድንጋጤውም ቀስ እያለ በረደ። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ጊዜም በብዙ ከተሞች አብያተ መጻሕፍት ተዘግተው ነበር። ያኔ ግን ሲዘጋ ተዘጋ ነው፤ ኢንተርኔት የለ፣ ዋይፋይ የለ። እናንተ ቢያንስ ምርጫ ነበራችሁ።

ሁሌ ስልኬ ላይ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር።

ግን ሁላችሁም የባልደረባዋን ሐሳብ እንደ ቀልድ አያችሁት። እኔን ኢ-መጽሐፍ ነው ያዳነኝ። ካርዴን ያወጣሁት ቤት ሆኜ ነው፤ በኢሜይል። ማንም ፊቴን አላየም። በ2020 ኦቨርድራይቭ በሚባለው መድረክ ብቻ በዓለም ዙሪያ 430 ሚሊዮን ዲጂታል መጽሐፍ ተውሷል፤ ከ2019 በ33 በመቶ ይበልጣል። ሆላንድ ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ አባል ላልሆነ ሰው ጭምር በነፃ የሚነበብበት መተግበሪያ በዚያው ጸደይ አወጣች። ይኼ ትንሽ ነገር ነው?

መዝገብ ክፍል፦

ትንሽ አይደለም። ግን ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍን አይገዛም። ይከራያል። የወረቀቱ መጽሐፍ እስኪበጣጠስ የእኛ ነው። ኢ-መጽሐፉ ግን አንዳንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመደርደሪያችን ይተናል፤ ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንደገና ክፈሉ የሚል ነው። አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ስልክህ ላይ «ተራዎ 84ኛ ነው» የሚልህ፤ ፋይል ወረፋ ስለሚያስፈልገው አይደለም።

ወረርሽኙ ትንሽ አላላው። ሌላው አሳታሚ ማክሚላን ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ አዲስ ኢ-መጽሐፍ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ብቻ እሸጣለሁ ብሎ ሰው ሁሉ ተቆጥቶበት ነበር። ማርች 17 ቀን 2020 ትቼዋለሁ አለ። ፔንግዊን ራንደም ሐውስም በግማሽ ዋጋ የአንድ ዓመት ፈቃድ መስጠት ጀመረ።

ስለዚህ እህቴ፣ ለባልደረባሽ «ኢ-መጽሐፍ እንገዛለን» ሲል በየትኛው በጀት፣ ለስንት ዓመት ብለሽ ጠይቂው። ዝም ይላል።

ሁሌ ስልኬ ላይ፦

ታዲያ መጻሕፍትን ስካን አድርጎ በኢንተርኔት ያውስ የነበረው ኢንተርኔት አርካይቭ ያደረገው ትክክል ነበር ማለት ነው። ወረፋውን አነሣው፣ አለቀ!

መዝገብ ክፍል፦

አነሣው፤ ከዚያስ? ማርች 24 ቀን 2020 «ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት» ብሎ ከፈተ። ስካን ካደረጋቸው መጻሕፍት አንዱን ቅጂ ስንትም ሰው ባንዴ እንዲዋሰው ፈቀደ። ጁን 1 ቀን አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት። ጁን 16 ዘጋው። በ2023 ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎ በ2024 ዳግም ተፈረደበት። ያውም ፍርዱ የወረርሽኙን ጊዜ ብቻ አልነካም፤ ከዚያ በፊት አንዱን ቅጂ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ሲያውስ የነበረበትንም አሠራር መታው።

ሁሌ ስልኬ ላይ፦

እና ሕዝብ ቤት ተቆልፎ እያለ ወረፋ ይጠብቅ ነው የምትለው?

መዝገብ ክፍል፦

አላልኩም። ደራሲም ቤት ተቆልፎ ነበር፤ እሱም ይበላል ነው የምለው። የምንከራከረው እኔና አንተ መሆናችን ነው የሚያናድደው። ውሉን የጻፉት ሌሎች ናቸው።

የልጆች እናት፦

ወንዶች፣ ቀጥሉ፤ እኔ ግን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ።

እኛን ያዳነን ከረጢት ነው። አዎ፣ የወረቀት ከረጢት። ቤተ መጻሕፍቱ በስልክ የልጁን ዕድሜና የሚወደውን ነገር ይጠይቃል፤ ሠራተኛዋ ራሷ አሥር መጽሐፍ መርጣ ከረጢት ውስጥ ትከታለች። ስም አይጻፍም፣ የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥር ብቻ። በቀጠሮሽ ሰዓት ትሄጃለሽ፣ ደጅ ጠረጴዛ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ትወስጃለሽ። ከሰው ጋር ንክኪ የለም።

መጀመሪያ «ምርጫ ተነፈግኩ» ብዬ ነበር። ልጄ ግን ከዚያ በፊት ከዳይኖሰር ሌላ የማይነካ ልጅ ነው። ከከረጢቱ ውስጥ ስለ ድልድይ አሠራር የሚያወራ መጽሐፍ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱ በካርቶን ድልድይ ተሞላ፤ ሶፋውን ለመሻገር ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። እኔ ብመርጥለት ዳይኖሰር ነበር የማመጣለት። ያቺን ሠራተኛ ፊቷን አላውቀውም። በእስክሪብቶ «ድልድዩን ከወደድከው ስለ ዋሻ ደግሞ አለ» ብላ ቁራጭ ወረቀት ጨምራበት ነበር።

በኢንተርኔት የሚተላለፈው የተረት ሰዓት ግን ለእኛ አልሆነም። ልጁ አሥር ደቂቃ አይቶ ስክሪኑን ይልሰዋል። ትንሽ ከፍ ላሉት ሳይሻል አይቀርም።

ተረት ነጋሪ፦

😂 የሚልሱት ብዙ ናቸው፤ አይክፋሽ።

ከካሜራው በዚህ በኩል የነበርኩት እኔ ነኝ። ሕፃናት ፊት ሲነበብ ገጹን ስትገልጪ አንድ ድምፅ አለ፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ካሜራ ፊት ያ የለም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደ ጅብ ስጮህ፣ ጽዳቷ በር ላይ ቆማ «ደህና ነሽ?» ያለችኝን አልረሳውም።

ሰው የማያስበው ደግሞ ፈቃዱን ነው። መጽሐፍ ገዝተሽ አዳራሽ ውስጥ ማንበብና በቪዲዮ ማሰራጨት አንድ አይደለም። ብዙ አሳታሚዎች ያኔ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጡ፤ ግን «ቪዲዮው በዚህ ቀን ይውረድ» የሚል ገደብ ነበረው። እኛ ማን ምን እንደፈቀደ በሰንጠረዥ እንይዝ ነበር። እህቴ፣ ሰንጠረዡን ዛሬ ጀምሪው፤ ያን ጊዜ አትደርሽም። ወይም የራስሽን ተረት ተናገሪ፤ እሱን ማንም አይከስም።

አባት አንባቢ፦

ልጆች፣ እኔ የምጽፈው የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ እየተየበልኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ሄድኩ። በሩ ላይ «ለበለጠ መረጃ ድረ ገጻችንን ይጎብኙ» ይላል። እኔ በሩን ጎብኝቼ ነው የመጣሁት። ድረ ገጽ የት ነው? ኋላ ደግሞ «በቀጠሮ መግባት ይቻላል» ተባለ። ቀጠሮው የሚያዘው በድረ ገጹ። በዚያ ላይ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ያለበት ሥዕል ለጠፉ፤ ስልክ አንሥተህ አሳየው ይባላል። የእኔ ስልክ ካሜራ የለውም።

ለ20 ዓመት በየቀኑ ጋዜጣ የማነበው እዚያ ነው። እሱን ማንበቤን ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሦስት ሰዎች አሉ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው፣ በየቀኑ ጭንቅላታችንን ነቅነቅ አድርገን ሰላም የምንባባል። ሲከፈት ሁለቱን አገኘሁ።

በዚያ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጻፉበት። ሌላ አልጠይቅም።

የውሰት ጠረጴዛ፦

አባቴ፣ ይህንን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእኛም ወረቀት ልክ እንደዚያ ነበር የሚለው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይቅርታዎን።

ቅርንጫፍ ሁለት፦

አባት የነገሩን ነገር መልስ አለው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ያራ ፕሌንቲ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ቡድን ያደረገውን ልንገራችሁ። ሕንፃዎቹ ሲዘጉ ሠራተኞቹ የአባላቱን መዝገብ ከፍተው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን አወጡ። 8,000 ገደማ ስልክ ቁጥር። ከዚያ አንድ በአንድ መደወል። «ደህና ነዎት? የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?» ነው ጥያቄው። መጽሐፍ የሚፈልግ መጽሐፍ ይላክለታል፤ ሌላ እርዳታ የሚፈልግ ወደሚመለከተው ይመራል። ብቸኝነት የበዛበት ተመልሶ ይደወልለታል።

እኛም በትንሹ ሞከርነው። ስልኩ ላይ ምን እንበል ብለን አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀን። ሁለተኛው ስልክ ላይ ጣልነው። ሴትየዋ ከቤተ መጻሕፍት ነው ስላት ወዲያው «መጽሐፉን እኮ ልመልስ ነበር፣ ቅጣቱ ስንት ደረሰ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ቅጣት የለም፣ ቀኑ ለሁሉም ተራዝሟል እስክላት ድረስ ጤንነቷን መጠየቅ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የምለው «ቅጣት የለም» ሆነ።

በነገራችን ላይ ያ ነገር ብዙ ቦታ በዚያው ቀረ። ቺካጎ ቀድማ በ2019 ቅጣቱን ትታው ነበር፤ የኒውዮርክ ሦስቱ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓቶች በወረርሽኙ ጊዜ አቁመውት ኦክቶበር 2021 ላይ ጨርሰው ሰረዙት።

ስም አልጠቅስም፦

ሁሉም የሚያምር ታሪክ ነው። እኔ ደግሞ የማያምረውን ልናገር።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪያኖችን ከበሽተኛ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ፈላጊ አድርጋ መደበች። ቶሮንቶ ቅርንጫፎቿን የምግብ ማከፋፈያ አደረገቻቸው። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) የፊት መከላከያ ያተሙ አሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት የትምህርት ቤት ላይብረሪያን በድሮን መጽሐፍ ለልጆች ላከች፤ ዜና ሆነ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ጥሩ ነው፤ ሰው ፍለጋ፣ መረጃ ማጣራት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በትዕግሥት ማውራት የእኛ ሙያ ነው።

ግን እኔ የሠራሁበት ቦታ ማንም አልጠየቀኝም። ስሙን አልጠራም። ሰኞ ጠዋት «ዛሬ በር ላይ ቁመሽ ሰው ትቆጥሪያለሽ» ተባልኩ። አንድ ሲወጣ አንድ አስገባለሁ። ማስክ አድርጉ ስል የሚሰድበኝ፣ የሚያስልብኝ ነበር። ቤት ደግሞ አስም ያለባት እናት አለችኝ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው አለቃ በኢሜይል «ጀግኖቻችን» ይለናል።

የሚጎዳኝ ሌላም አለ። መስማት የተሳነው አንድ ደንበኛ ነበረን፤ ከንፈር አንብቦ ነው የሚግባባው። ማስክ አድርጌ ፊቱ ስቆም ዓይኖቹ አፌን ሲፈልጉ አየሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ላምጣ እስክል ትቶኝ ሄደ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ!

እቅዱ ውስጥ ሠራተኛው እንዴት ይተርፋል የሚል አንድ ገጽ ከሌለ ሌላውን ገጽ አትድከሚበት።

ገመድና ሽቦ፦

እውነት ነው። እኔ ማሰራጫ አዞርኩ ብዬ ሳወራ ማታ ማታ ብቻዬን ባዶ ሕንፃ ውስጥ ነበርኩ። ማንም አላሳለብኝም።

የወረቀት ሽታ፦

የኢንተርኔት ካፌ ያልኩትን እመልሳለሁ። ግማሹን 😅

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። መዝገብ ክፍል ስለ ክምር ሲያወራ ነው የመጣልኝ። የተዋሰው መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢመለስ የት ይገባል?

የውሰት ጠረጴዛ፦

አይ የወረቀት ሽታ! ይህችን ሰው አይጠይቃትም፤ እኛ ግን አለቀስንባት።

አይገባም። መልሱ እሱ ነው። መደርደሪያ የሚታሰበው የተወሰነው መጽሐፍ ሁሌም ሰው ቤት እንደሚሆን ታስቦ ነው። ስንዘጋ መመለሻ ሳጥኑንም ዘጋነው፣ ቀኑን አራዘምን፣ «ቤታችሁ ይቆይ» አልን። ስንከፍተው በሦስት ቀን ሞልቶ አፉ አልዘጋ አለ። ሰው ደግሞ ሳጥኑ ሲሞላ መሬት ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ዝናብ መጣ። በማግስቱ ያበጠ መጽሐፍ በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቅ ዋልኩ።

እስካሁን የጻፍኩትን ላሳያችሁ። መጀመሪያው ገጽ ላይ መጽሐፍ የለም። በሩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ ከላይ ስልክ ቁጥር በትልቁ፣ ከሥሩ የዋይፋዩ ይለፍ ቃል፣ ከሥሩ «ቅጣት የለም»። ሁለተኛው ገጽ ማን እንደሚደውልና ለማን እንደሚደወል። ሦስተኛው ከረጢት። ሳጥኑ በአንድ ቀን አይከፈትም፤ በካርዱ የመጨረሻ ቁጥር በተራ እንቀበላለን። ሠራተኛ በር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምም፣ ቤቱ የታመመ ያለበትም ጭራሽ አይመደብም። ነጭ ሰሌዳ ሁለት። ኢ-መጽሐፍ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ በጀት የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ባልደረባዬ አየውና «ይኼ እኮ የቤተ መጻሕፍት እቅድ አይመስልም» አለ። አልመለስኩለትም።

ገመድና ሽቦ፦

ታይመሩን አየሽው?

የውሰት ጠረጴዛ፦

አሁን ሄጄ አየሁት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም ያጠፋል፣ ማሰራጫውንም ጭምር። የታይመሩ ሳጥን ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ሰው ፈቃድ ላይ ነው፤ እስከ ሰኞ።